የምሥራቁ ድጋፍ ይቆይ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሳይት ደረስኩ። ጭቃ የለም፣ አቧራ ብቻ። ቁፋሮው ሁለት ሜትር ወርዷል። ሦስት ሜትር ተኩል ሲሞላ መሠረቱ ይጀመራል። ባለ አራት ፎቅ የእናቶች ክሊኒክ… ባለቤቱ ዶክተር የሃያ ዓመት ልፋቱን እዚህ ጉድጓድ ውስጥ እየከተተ ነው። ጠርዙ ላይ በቆምኩ ቁጥር ጥልቀቱን ደግሜ እለካለሁ።

ቢሮዬ ግድግዳ ላይ አዲሱን የስጋት ዝርዝር ለጠፍኩ (ቢሮ ማለት ያው የቆርቆሮ ቤቷ ነች)። ምን ሊበላሽ ይችላል፣ ቢበላሽ ስንት ያስወጣል፣ የሚወስነው ማን ነው። ሃያ ሦስት መስመር። ፎርማኑ ቆቡን በእጁ ይዞ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

"ኢንጂነር፣ ይሄን ሁሉ መዓት አንቺ ነሽ የጻፍሽው?"

"እኔ ነኝ።"

"ዝናብ ይመጣል፣ ብረት ይወደዳል፣ ግድግዳ ይናዳል… ኧረ በሞቴ! ይሄ ዝርዝር አይደለም፣ ሟርት ነው።"

"እንዳይመጣ እኮ ነው የሚጻፈው፣ ጋሼ።"

"ያልጠሩት አይመጣም። ችግር የለም።"

ችግር የለም! ሲሚንቶ አለቀ? ችግር የለም። ሰው ቀረ? ችግር የለም። ሠላሳ ዓመት በዚህች ቃል ኖሯል። ሠራተኞቹ ስሙን ትተው "ችግር-የለም" ነው የሚሉት። ከሰዓት በኋላ ለእኔም ስም እንደወጣልኝ ሰማሁ። ሟርቴ። ሟርቴና ችግር-የለም… ትኬት ቆርጦ የሚያየን አይጠፋም።

የእማ ዓይን ብሶበታል። ቀኙ ላይ ያለው ሞራ። ዛሬ ሻዩ ውስጥ ስኳር መስሏት ጨው ጨመረች። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ልያዝልሽ አልኳት። "ይቆይ" አለች። ስንት ጊዜዋ ነው? ሁለት ዓመት ሆናት።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ተናድጄ ነው የዋልኩት። ገና አሁን ነው የበረደልኝ።

ዶክተሩ ትናንት ሊጎበኝ መጥቶ ነበር። ደረጃውን ትንሽ ወደ ግራ ብትገፉት ምን ይመስላችኋል አለ። እንዲሁ፣ በአፉ። ፎርማኑ ችግር የለም አለ። ዛሬ ስደርስ የደረጃው መሠረት አንድ ሜትር ወደ ግራ ተቆፍሮ ጠበቀኝ! በፕላኑ የለም፣ በወረቀት የለም፣ እኔ አላውቅም። በግራ በኩል ደግሞ የፍሳሽ ቱቦ ያልፋል። መልሶ መሙላት፣ እንደገና መቆፈር… የሁለት ቀን ሥራ ውሃ በላው።

ሠራተኞቹ ፊት ጮህኩበት። እሱ እንኳ አልነበረብኝም።

"ከዛሬ ጀምሮ መዝገብ ላይ ያልተጻፈ አይሠራም! የተጻፈ ደግሞ እንደተጻፈው ይሠራል። ጥያቄ የለም፣ ከራስ መጨመር የለም!"

"ያልገባን ነገር ቢኖርስ?"

"መዝገቡ ይናገራል።"

ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። "እሺ ኢንጂነር። መዝገቡ ይናገር።"

ትልቅ ሰው ነው። በታላቅ ወንድሜ ዕድሜ አይደለም፣ ከዚያም ይበልጣል። ቢሆንም ደንቡ ትክክል ነው… ትክክል ነው አይደል?

አርብ፣ የካቲት 7

ሦስት ትእዛዝ ጻፍኩ። ሦስቱም እንደተጻፉት ተሠሩ። ደስ ሲል!

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

በምሥራቅ በኩል ያሉት ጎረቤታችን መጡ። ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህርት ናቸው፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ቁፋሮው አቧራ አለበሰኝ ሊሉ ነው ብዬ ወገቤን አጥብቄ ጠበቅኳቸው። የመጡት ግን ስለ ማስታወቂያችን ነው።

"በሩ ላይ የሰቀላችሁትን ማን ነው የጻፈው?"

ወጥቼ አየሁ። "አደጋ አለ፤ ሰው እንዳይገባ አይፍቀዱ" ይላል። ስንት ወር በሥሩ አልፌያለሁ…

"እንዳይገባ አይፍቀዱ ማለት ይግባ ማለት አይደለም እንዴ፣ ልጄ?"

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም። ከቦርሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው "አይፍቀዱ"ን ሰረዙና "ይጠንቀቁ" ብለው ጻፉበት። ሠራተኛው ሁሉ እንደ ተማሪ ቆሞ ያያቸዋል።

ከዚያ ማድ ቤታቸውን አሳዩኝ። ከአጥሩ ጋር ተለጥፎ የተሠራ ነው፤ ከጉድጓዳችን ጫፍ ሁለት ሜትር አይርቅም። ጠባብ፣ ግን ንጹሕ። መስኮቱ ሥር አንድ ወንበር አለች፤ ሥራቸውን ሲጨርሱ እዚያ ተቀምጠው ሬዲዮ ይሰማሉ። ግድግዳውን በመዳፌ ነካሁት። አሮጌ ጡብ። መሠረቱም እምብዛም ጥልቀት የለውም።

"አይዞዎት እትዬ" አልኳቸው፣ "በእርስዎ በኩል በእንጨት ደግፈን ነው የምንቆፍረው።"

ቃል ሰጠሁ ማለት ነው። በዝርዝሬ መስመር ዘጠኝ ነው። የምሥራቅ አጥር፣ ከፍተኛ ስጋት። የሚወስነው፦ እኔ።

አናጢዎቹ ድጋፉን ዛሬ ጀመሩ። ከአሥራ ሁለቱ ሜትር ስድስቱ እስከ ሐሙስ ይቆማል፤ የቀረው ቁፋሮው ወደዚያ ሲደርስ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

የድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ ደወለ። ሰላምታውን እንኳ ጨርሶ አያውቅም።

"ያ ሁሉ እንጨት ምሥራቅ በኩል ምን ይሠራል? ይነቀልና ለሌላው ሳይት ይሂድ።"

"አይነቀልም። ከኋላው ሰው ይኖራል።"

"ወጪው…"

"ወጪውን አስልቼዋለሁ። ግድግዳው ቢናድ የምናወጣው የእንጨቱን አሥር እጥፍ ነው።"

ሳቀ። "አንቺና ዝርዝርሽ! ይሁን እሺ። ብቻ በጽሑፍ አድርጊው።" ቀጠለና ደግሞ… ለትልቁ ፕሮጀክት፣ ለሚቀጥለው፣ ኃላፊ አንቺን ነው ያሰብነው አለኝ። አሁን መኪና ልኬልሻለሁ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት መጥተሽ ግምቱን ሥሪ፣ እስከ ሰኞ ይፈጃል።

እኔ! ኃላፊ! መኪናው በር ላይ ጥሩምባውን ያንባርቃል። መዝገቡን እንደቆምኩ ከፈትኩና ጻፍኩ፦ "የምሥራቁ ድጋፍ ይቆይ።" ፈረምኩ። ለፎርማኑ በመኪናው መስኮት "መዝገቡን እይ!" አልኩት።

"ችግር የለም!"

ዛሬ አንድ ግድግዳ አዳንኩ። ለራሴ ሻይ በኬክ ጋበዝኩ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ግምት፣ ግምት፣ ግምት… ዓይኔ ከቁጥር ሌላ አያይም። ሰማዩ ከብዷል። ሳይት ልደውል አልኩና ተውኩት። መዝገቡ አለ፣ ምን ያስደውላል?

ሰኞ፣ የካቲት 17

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ቀትር ላይ ዝናብ መጣ። ያለጊዜው የመጣ ኃይለኛ ዝናብ። አንድ ሰዓት ያህል ወረደ። ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ፎርማኑ ነው። ያቺ የለመዳት ቃል ከአፉ አልወጣችም። "ነይ" ብቻ አለ።

ስደርስ የእትዬ ማድ ቤት የለም።

ጉድጓዳችን ውስጥ ነው። ጡቡ፣ ቆርቆሮው፣ ድስቱ፣ ሬዲዮው። ድጋፍ የቆመበት ስድስት ሜትር እንዳለ አለ፣ አንድ ጡብ አልተነቃነቀም። የቀረው ስድስት ሜትር ግን ያለ አንድ እንጨት እስከ ታች ተቆፍሯል።

ሰው አልተጎዳም። ተመስገን። ሠራተኞቹ ዝናቡን ሸሽተው ወጥተው ነበር። እትዬ ጡረታቸውን ሊቀበሉ ሄደው ወረፋ ይዟቸዋል። ወረፋ! ዕድሜ ልኬን ስረግመው የኖርኩት ወረፋ… ያቺ ወንበር ግን ከታች ተገልብጣ አየኋት። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

"ድጋፉስ? ለምን ባዶውን ቆፈራችሁት?" ጮህኩበት።

ፎርማኑ ከእግር እስከ ራሱ ርሷል። ግራ ገብቶት አየኝ። "ይቆይ አላልሽም?"

"አዎ፣ ይቆይ ብያለሁ!"

"እኮ! አቆየነዋ።"

ይቀልድብኛል? በዚህ ሰዓት?

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ሥራ አስኪያጁ ቆርቆሮ ቤቷ መጥቶ መዝገቡን ጮክ ብሎ አነበበው። "የምሥራቁ ድጋፍ ይቆይ። ይኸው! እዚያው ይቁም፣ አይነካ። ምን የማይገባ ነገር አለው?"

"እኛም እንደተጻፈው ነው ያደረግነው" አለ ፎርማኑ።

"ማንበብ አትችልም እንዴ አንተ ሰውዬ?"

ፎርማኑ ቆቡን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ወጣ። ታግዷል። ሰኞ ዶክተሩም እትዬም ባሉበት ይወሰናል። ከተባረረ ግድግዳ ያናደ ፎርማን ነው የሚባለው፤ ማን ይቀጥረዋል? ከሠላሳ ዓመት በኋላ።

እኔ ምን አልኩ? "ትእዛዜ በጽሑፍ አለ" አልኩ። እውነት ነው። አለ።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

እትዬ ጋ ሄድኩ። ሳሎናቸው ጥግ በኤሌክትሪክ ምድጃ ሻይ አፍልተው ሰጡኝ። ለእኔ! ማድ ቤታቸውን ለበላሁት! ቃል ሰጥተሽኝ ነበር ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። "ሬዲዮው እንኳ አሮጌ ነው" አሉ። ሻዩን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

እማ ዛሬ ጠዋት የደጁን ደረጃ ስታ ልትወድቅ ነበር። በቃ አልኳት። በሚቀጥለው ሳምንት ዓይንሽን እናሳያለን፣ አለቀ። የጫማዬን ክር እያሰርኩ ነበር።

"ይቆይ" አለች።

"ምኑ ነው የሚቆየው?"

"ይቆይ አልኩሽ እኮ። ሌላ ጊዜ።"

ክሩን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ይቆይ። ሌላ ጊዜ። የምሥራቁ ድጋፍ ይቆይ… የምሥራቁ ድጋፍ ሌላ ጊዜ።

አምላኬ! እሱ ያነበበው ይሄን ነው! አቆየነው ሲለኝ አልቀለደብኝም። እኔ እዚያው ይቁም ስል፣ እሱ ለጊዜው ተዉት ብሎ አነበበ። ሁለታችንም አንዲት ቃል ይዘን ተጯጯህን። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእናቴ አፍ የምሰማው ቃል… ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እውነታቸውን ነው።

"ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ" አለች እማ።

"ዓይንሽ ይሄን ያያል እንዴ?"

"ልጄን አላጣትም።"

ግን ለምን አልጠየቀኝም? ድጋፍ የሌለው ጉድጓድ ሲቆፈር… ለምን? ከዚያ ትዝ አለኝ። ጥያቄ የለም ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው ፊት። ጮክ ብዬ።

አርብ፣ የካቲት 21

ዐረፍተ ነገሩን ንጹሕ ወረቀት ላይ ጻፍኩና ይዤ ዞርኩ። ምን ይላል? ለጸሐፊዋ፣ ለሾፌሩ፣ ለሁለት አናጢዎች፣ ለመንገድ ማዶው ፋርማሲስት፣ ሻይ ለምትሸጠዋ፣ ለጥበቃው። ሦስቱ "እንዳለ ይሁን፣ አትንኩት" አሉ። ሦስቱ "ለሌላ ጊዜ ተላልፏል" አሉ። ጥበቃው ወረቀቱን አርቆ አየና "የምን ድጋፍ ነው? የገንዘብ ከሆነ መቆየቱ አይቀርም" አለኝ። ሳልወድ ሳቅሁ። እሱም ወደ ሁለተኛው ወገን ተቆጠረ። አራት ለሦስት።

ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባሁ። ወረቀቱን አላነሳውም።

"ዝም በይ። አንቺ ጽፈሻል፣ እሱ አልፈጸመም። በዚህ ይለቅ። ጥፋቱ የትእዛዙ ነው ከተባለ ማድ ቤቱን የምንሠራው እኛ፣ የዘገየውን የምንሸከመው እኛ። ትልቁን ፕሮጀክትም ለማን እንደምሰጥ እንግዲህ… ገባሽ?"

ገባኝ። በደንብ ነው የገባኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ፎርማኑ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ናት የከፈተችልኝ። ታባርረኛለች ብዬ ነበር፤ "ግቢ፣ ግቢ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ" አለችኝ። እሱ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የተጣመመ ሚስማር በመዶሻ ያቀናል። አንድ ባልዲ ሙሉ ሚስማር።

"ጋሼ፣ መዝገቡን ስታነበው አልገረመህም?"

"ገረመኝ እንጂ! ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። እንጨቱ ለሌላው ሳይት ይፈለጋል ሲባል ሰምቼ ነበር፣ ለቁጠባ ይሆናል አልኩ። ስልኩን ሁሉ አንስቼ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልደወልክም?"

ሚስማሩን አገላብጦ አየው። "ጥያቄ የለም አልሽ። ደግሞ… ምን ብዬ ልጠይቅሽ? 'ግድግዳው ቢናድስ' ልበል? አፌ አልታዘዝ አለኝ። ክፉ ነገር ተናግሬ አላውቅም፣ ሟርት ይመስለኛል። ጠዋት ጠዋት ግን አጥሩን እየሄድኩ በእጄ እነካው ነበር።"

እሱም በመዳፉ!

"ቤትም ያው ነው" አለች ሚስቱ። "ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ ይዤ እሮጣለሁ፣ እሱ ከአልጋው ሳይነሳ ችግር የለም ይለኛል!"

"አፈሰሰብሽ እንዴ? ባልዲው አለ።"

ሦስታችንም ሳቅን። በሩ ድረስ ሸኘኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሰኞ ራስሽ ላይ እንዳትመሰክሪ። ገና ልጅ ነሽ፣ ትልቁን ሥራ ትሠሪያለሽ። እኔ አርጅቻለሁ። ችግር የለም" አለኝ።

ኢንጂነር አላለኝም። ልጅ ነሽ አለኝ። መንገድ ላይ አለቀስኩ፣ ሰው እያየኝ።

እሁድ፣ የካቲት 23

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ከብዕር የወጣስ?

ለራሴ ብቻ ትንሽ ዝርዝር ሠራሁ። እውነቱን ብናገር፦ ትልቁ ፕሮጀክት ይቀራል፣ ምናልባት ሥራዬም። ባልናገር፦ … እዚህ ጋ እስክሪብቶዬ ቆመ። ዋጋ አወጣለሁ ብዬ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ስንት ሕንፃ ገምቻለሁ፣ ይሄን መገመት አቃተኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ስብሰባው ቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ ነበር። ሥራ አስኪያጁ፣ ዶክተሩ፣ እትዬ፣ ፎርማኑ። ፎርማኑ የክት ኮቱን ለብሷል። ቆብ የለውም፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል።

ሥራ አስኪያጁ "ጉዳዩ ግልጽ ነው" ብሎ ሊጀምር ሲል መዝገቡን ከፊቱ አነሳሁና ለእትዬ ሰጠኋቸው።

"እትዬ፣ እስቲ ይህችን ይመልከቱልኝ።"

መነጽራቸውን አደረጉ። አነበቡ። ደግመው አነበቡ። እጃቸው ወደ ቦርሳቸው ሄደ… ቀዩ እስክሪብቶ!

"ማን ነው የጻፈው?"

"እኔ።"

"ምን ልትዪ ፈልገሽ ነው?"

"እዚያው ይቁም፣ አይነቀል።"

ወደ ፎርማኑ ዞሩ። "አንተስ ምን ብለህ አነበብከው?"

"ለጊዜው ይተው፣ ሌላ ቀን ይሠራል።"

"ሁለታችሁም ልክ ናችሁ" አሉ። "ልክ ያልሆነው ዐረፍተ ነገሩ ነው።" አሰመሩበትና ዳር ላይ ጻፉ። "ከአሥር ሦስት። እሱም ለፊርማው ነው።"

"እትዬ፣ ይሄ እኮ የሰዋስው ክፍል አይደለም!" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ማድ ቤቴ የወደቀው በሰዋስው ነው፣ ልጄ።"

ከዚያ ተናገርኩ። ቆሜ። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። በችኮላ ጻፍኩ፣ ያውም ሹመት ሰምቼ ልቤ ጠፍቶ። ባይገባችሁም አትጠይቁኝ ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ይሄ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ ግድግዳው ዛሬ ቆሞ ነበር፣ እንዳይጠይቅ አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ አላየኝም። መስኮቱን ነው ያየው።

ፎርማኑ ቀና አለ። "እኔም መጠየቅ ነበረብኝ። ሰምቼ ዝም አልኩ" አለ።

ዶክተሩ መዝገቡን ከእትዬ ተቀብሎ ቀዩን ጽሑፍ አነበበ። "ደረጃውን በአፌ ያስቀየርኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?" አለ በመጨረሻ። "የኢንጂነሯ መጮህ የመጣው ከዚያ ነው። እኛ ቤት መድኃኒት የሚያዝ ሰው እንዲህ ቢጽፍ…" አልጨረሰውም። የዘገየውን ቀን እኔ እሸከማለሁ፣ ማድ ቤቱን ደግሞ ድርጅቱ ይሥራ አለ። "አቅሜ እስኪመለስ ደግሞ አራተኛው ፎቅ ይቆይ" አለ።

ሁላችንም ቀና ብለን አየነው።

"የቱ ይቆይ ነው፣ ዶክተር?" አለ ፎርማኑ።

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ናቸው።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ፎርማኑ ተመለሰ። ቆቡን ከጠረጴዛዬ ላይ አነሳ፣ አራገፈ፣ አደረገ። ምንም አልተባባልንም።

ትልቁ ፕሮጀክት ለሌላ ሰው ተሰጠ። ቅር ብሎኛል፣ ለራሴ ምን እዋሻለሁ? በጣም ቅር ብሎኛል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ደረሰኝ። መጨረሻው ላይ "የደረጃ ዕድገትዎ ይቆይ" ይላል። እዚያው ይቁም ነው ወይስ ሌላ ጊዜ? ወስጄ ለእትዬ አሳየኋቸው። ከአሥር ሁለት ሰጡት። ከእኔ ያነሰ አገኘ!

ግድግዳዬ ላይ መስመር ሃያ አራት ጨመርኩ፦ ሁለት ትርጉም ያለው ትእዛዝ። የሚወስነው፦ እኔ። ከዛሬ ጀምሮ ትእዛዝ የተቀበለ ሰው በራሱ ቃል መልሶ ይነግረኛል፣ ከዚያ በኋላ ነው የምፈርመው። ዝርዝሩ ሥር በሲባጎ እርሳስ አንጠለጠልኩ። ስጋት ያየ ሁሉ ይጻፍ አልኩ። ማንም አልነካውም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

እማ በስንት ልመና ትናንት ሞራውን አስገፈፈች፤ ዛሬ ፋሻው ተነሳ። ሐኪሙ ቀኝ ዓይኗን ገለጠላት። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። እንባዬ መጣ።

"አንቺ!" አለች፣ "ሸብተሻል እንዴ?"

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

የእትዬ ማድ ቤት አለቀ። መሠረቱን ራሱ ፎርማኑ ነው ያስጣለው፤ ከቤቱ ሳይበልጥ አይቀርም። ሬዲዮ ገዛሁላቸው። "አሮጌው ይሻል ነበር" አሉ፣ ግን ከፈቱት። እርሳሱ እስካሁን እንደተንጠለጠለ ነው፣ ጫፉም አልዶለዶመም። ሠራተኞቹን ምን ላድርጋቸው?

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

የመሠረቱ ኮንክሪት የሚሞላበት ቀን። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሦስት የኮንክሪት መኪና በር ላይ ተሰልፎ ከበሮው ይሽከረከራል። እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ አለው። ሥራ አስኪያጁ ሁለቴ ደውሏል። ቼክ አድርጌ፣ ፈርሜ፣ ጀምሩ ልል አፌን ከፈትኩ።

ፎርማኑ ከጉድጓዱ ወጣ። ቆቡን አወለቀ።

"ኢንጂነር።"

"አቤት ጋሼ።"

አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ላብ በግንባሩ ወረደ። ሠራተኛው ሁሉ ያየዋል።

"ችግር አለ" አለ።

የአንዱ አናጢ መዶሻ ከእጁ ወደቀ፣ እውነቴን ነው። ሠላሳ ዓመት!

"በምሥራቅ ጥግ፣ የመጨረሻው ምሰሶ። ሦስት ብረት ይጎድላል። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት።"

እኔ አይቼው አልፌያለሁ። ፈርሜበታለሁ! ወርጄ ቆጠርኩ። ሦስት ይጎድላል። ይሄ ሁሉ እናትና ሕፃን የሚተኛበት ቤት… መኪኖቹን መለስኳቸው። የአንድ ቀን ኮንክሪት ከሰርን። ሥራ አስኪያጁ በስልክ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ "ሦስት ብረት?" አለ።

ወደ ቆርቆሮ ቤቷ ስመለስ ፎርማኑ ዝርዝሩ ፊት ቆሟል። እርሳሱን ይዟል። ፊደሉ ትልልቅና ጠማማ ነው፦ "25. በምሥራቅ ጥግ ምሰሶ ብረት ጎድሏል።" በራሱ ቃል መልሶ አነበበልኝ፣ እንደ ደንቡ። "የሚወስነው" የሚለው ጋ ሲደርስ ቆመ። አሰበ፣ የእርሳሱን ጫፍ በምላሱ አራሰ።

"እኔና ሟርቴ" ብሎ ጻፈ።

በጽሑፍ! ግድግዳዬ ላይ! አልሰረዝኩትም።